ሁለት ዓመት የሳትኩት ሳህን

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሽጉጥ ይዤ ተሰልፌ መሳት አቃተኝ።

መሳት ደግሞ እንዴት ያቅታል ትሉ ይሆናል። እኔ ሳጅን ወይንሸት በፖሊስ መምሪያችን መሳትን እንደ ሙያ የያዝኩ ሰው ነኝ። የዓመቱ የሽጉጥ ውድድራችን ጥንድ ጥንድ ነው። ሁለት ተኳሾች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በእያንዳንዳቸው ፊት አምስት ክብ ብረት ይደረደራል፣ እኛ ሳህን ነው የምንላቸው። አምስቱን የጣለ የጥይት ካዝና ይቀይርና መሀል ያለውን የራሱን ትልቅ ሳህን ይመታል። የሁለቱ ትልልቅ ሳህኖች ሲወድቁ ስለሚደራረቡ ክርክር የለም፤ ከሥር የተገኘው የአሸናፊው ነው። ካቻምናም አምናም ለፍጻሜ የደረስነው እኔና አለቃዬ ኮማንደር አያልነህ ነን። ሁለቱንም ጊዜ መሀሉ ላይ ስደርስ ጥይቴን አፈር ውስጥ ሰደድኩት።

ምክንያት አለኝ። ባለቤቴ ጎባ መምህር ነው፤ ልጃችን ቤዛም እሱ ጋ ናት። ወደዚያ እንድዛወር የጻፍኩት ማመልከቻ ኮማንደሩ መሳቢያ ውስጥ ከገባ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዋንጫውን በወሰዱ ቁጥር ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉና "በርቺ ሳጅን፣ ያንቺን ጉዳይ አየዋለሁ" ይሉኛል። መቼም ዓይን አላቸው፣ ያያሉ።

ትናንት ከሰዓት በግማሽ ፍጻሜው ግን ነገር ተበላሸ። የደረሰኝ ከትራፊክ ክፍል የመጣ ፈጣን ጎረምሳ ነው። በሱ ከተሸነፍኩ ፍጻሜ አልደርስም፣ ፍጻሜ ካልደረስኩ ደግሞ ለኮማንደሩ መሸነፍ አልችልም። እልህ ያዘኝና በስድስት ጥይት ስድስት ሳህን ጣልኩ። ጎረምሳው ገና ሦስተኛው ላይ ነበር። ኮማንደሩ ድንኳኑ ሥር ቆመው አዩኝ። አላጨበጨቡም፤ ውሃ አምጡልኝ አሉ። ፍጻሜው ለዛሬ ሦስት ሰዓት ተቀጠረ። እኔም ዘንድሮ ልሳት ወይስ ልምታ እያልኩ ስገላበጥ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ሕዝቡ ለተኩስ ሜዳው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ፊሽካው ዳኛውን አንስቶ ነፋው፣ ዳኛውም ጮኸ። አሰልጣኜ ሻምበል ደጀኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። እኚህ ሰው በደህናው ቀን የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ የጎንሽን ሰው እርሺው፣ የራስሽን ሳህን እዪ፣ ቸኩለሽ ስተሽ ከምትመለሺ ረጋ ብለሽ አንዴ ምቺ ይላሉ። በሕልሜ ግን "የራስሽን ሳህን እንዳታዪ፣ ያፍራል። የጎንሽን ሰው ብቻ እዪ" አሉኝ።

ከጎኔ ኮማንደር አያልነህ ቆመዋል። እንደ ልማዴ ወደ አፈር ተኮስኩ። የመጀመሪያዋ ሳህን ከማቆሚያዋ ወርዳ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሮጠችና ጥይቱን በደረቷ ተቀበለችው። ከዚያ ተጋደመች።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ተጨንቀሽ ብናይ ነው" አለችኝ እንደተኛች። "አንቺ አትድከሚ፣ እኛ እንመጣልሻለን።"

ወደ ሰማይ ተኮስኩ፤ ሁለተኛዋ ዘላ ቀለበችው። ሽጉጤን ወደ አፎቱ መለስኩት፤ ሦስተኛዋ ያለ ጥይት ወደቀች። አራተኛዋና አምስተኛዋ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተጋደሙ። የኮማንደሩ ሳህኖች ግን ንቅንቅ አላሉም። እሳቸው ደህና አድርገው ይመታሉ፣ ሳህኖቹ "ስብሰባ ላይ ነን፣ ሰኞ ይመለሱ" ይሏቸዋል።

ፈራሁ። ማመልከቻዬ ለሁለት ሲቀደድ ታየኝ፤ ቤዛ ጎባ መናኸሪያ ቆማ ከየአውቶቡሱ የሚወርደውን ሰው ስታይ ታየኝ። "ኮማንደር፣ በእግዚአብሔር፣ እኔ አይደለሁም" አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

የመጀመሪያዋ ሳህን አቧራዋን አራግፋ ተነሣች። ብሩሽ ይዛለች። "በሉ እንግዲህ፣ ተራው የእኛ ነው" አለችና እኔንና ኮማንደሩን ማቆሚያው ላይ አውጥታ ነጭ ቀለም ትቀባን ጀመር፣ ልክ እኛ በየዙሩ እነሱን እንደምንቀባቸው። "አትነቃነቁ፣ ሳይደርቅ ይበላሻል" አለች። እንዲህ አድርገን እኔና አለቃዬ መሀል ያሉት ሁለት ትልልቅ ሳህኖች ሆንን።

ሳህኖቹ ሽጉጥ ይዘው ፊት ለፊታችን ተሰለፉ። ጥይታቸው የተቆላ ሽምብራ ነበር። አንዱ ደረቴን መታኝ፤ አላመመኝም። ሦስት ዓመት የፈራሁት ይኼንን ነው ወይ አልኩና ቀለል አለኝ። የቀረን መውደቅ ብቻ ነው። ቀድሞ የወደቀ ከሥር ይሆናል፣ ከሥር የሆነ ያሸንፋል።

"ይቅደሙ ኮማንደር" አልኩ።

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፣ እመቤት" አሉኝ። በዕድሜዬ አንቱ ብለውኝ አያውቁም።

"አለቃ ቆሞ? አይደረግም።"

"በሞቴ፣ ይውደቁ።"

"አፈር ስሆን፣ እርስዎ ይውደቁ።"

ሕዝቡ ይህን ጊዜ ፊቱን አዞረ። አንዱ ሰውዬ "ምሳ ሰዓት ደረሰ እኮ፣ አንዳችሁ ውደቁና እንሂድበት" አለ። ሻምበል ደጀኔ ሽምብራው እያለቀ ነው ይላሉ፣ እየቆረጠሙ። ኮማንደሩ በነጭ ቀለም ተለቅልቀው በሞቴ ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ልይዘው ብል እምቢ አለኝ። እየሳቅሁ ሚዛኔን ሳትኩና ወደቅሁ፤ ኮማንደሩም ከላዬ ወደቁ። ከሥር ነኝ። አሸነፍኩ ማለት ነው።

ቀና ስል ኮማንደሩ ቢሮ፣ ኮማንደሩ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የመምሪያው አለቆች በሙሉ ማመልከቻ ይዘው ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈዋል። መጀመሪያ የገቡት ኮማንደር አያልነህ ናቸው፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

"ምን ነበር?" አልኩ።

"ዝውውር ነበር የፈለግሁት። የትም ይሁን፣ ብቻ ከእርስዎ ይራቅ።"

"ምን በደልኩህ?" አልኩ። አንተ ብዬ ሳበቃ አፌን ያዝኩ።

"ከእርስዎ ጎን መቆም ፈርቼ ነው" አሉ፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጥለው።

አሳዘኑኝ። ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "አየዋለሁ" አልኳቸው። መሳቢያውን ስከፍት የገዛ ማመልከቻዬ ጋቢ ለብሶ ተኝቷል። "ዝጊው፣ ብርድ ይገባል" አለኝ። ልፈርምበት ማህተሙን አነሣሁ፤ ማህተሙ እጄ ላይ መጮኽ ጀመረ። ባፍነውም፣ ብደብቀውም አላቆም አለ።

ለካ ስልኬ ነው። የኮማንደሩ ጸሐፊ ብዙነሽ ናት።

"ሳጅን፣ እንኳን ደስ አለሽ። ዝውውርሽ ተፈረመ።"

"ቆይ፣ ነቅቻለሁ አይደል?" አልኳት።

"እኔንም ከእንቅልፌ ነው የቀሰቀሱኝ። ኮማንደር በአስራ ሁለት ሰዓት ቢሮ ገብተው፣ ሳይቀመጡ ፈረሙት። ማህተም የመታሁት በነጠላ ጫማ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የጎባ ነሽ።"

"ፍጻሜውስ?"

"የሌላ መምሪያ ሰው እዚህ አይወዳደርም ብለው ስምሽን ሰርዘዋል። ሽጉጥሽን ከሦስት ሰዓት በፊት አስረክቢ። ከሦስት ሰዓት በፊት የሚለውን ሁለቴ ነግረውኛል።"

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ። እፎይ። ያ ሁሉ ሰው እያየ አለቃዬን ማሸነፍም መሸነፍም ቀረልኝ። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ እያወጣሁ ጎባ ደወልኩ፤ ስልኩን ያነሣችው ቤዛ ናት።

"ነገ እመጣለሁ" አልኳት። "ለመቅረት ነው የምመጣው።"

"እማዬ፣ ጥርሴ ወለቀ እኮ" አለችኝ።

ይኼኛው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የወለቀው አምና ነበር፣ እኔ እዚህ አፈር ስተኩስ።