የተዋበች ጡጦ

ጡጦ የሚመረጠው ለልጁ ይመስላችኋል? ኮልፌ ኑሩና እዩት! ጎረቤቴ ተዋበች ከፒያሳ የብርጭቆ ጡጦ አስመጥታ፣ በየቀኑ ፌርማታው ፊት ለፊት ከደጃፏ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። ከሰው ዓይን በነጠላ ትሸፍነዋለች፤ የጡጦው ቂጥ ግን ብቅ ብሎ ይታያል። እኔስ በቅናት አረርኩ! ባለቤቴን ነዝንዤ ከሷ የሚበልጥ ጡጦ አስገዛሁ። ልጄ አሻፈረኝ አለ። ጡቴ ሞልቶ ቀሚሴን እያራሰ ሁለት ቀን አስለቀስኩት።

«በጃንሆይ አምላክ! ጡትሽን ስጪው» አለኝ ባለቤቴ።

«የተዋበች ልጅ በጡጦ ይጠባ የለም እንዴ?»

በሦስተኛው ቀን ነፋስ የተዋበችን ነጠላ ገለበው። ልጇ ጡቷን ይጠባል፤ ጡጦውን በሌላ እጇ ይዛ ለመንገደኛ ታሳያለች።

ቅናቴ የበረደ መሰላችሁ? ይቺን ዘዴ እንዴት ከኔ ቀድማ አሰበቻት!