የወይዘሮ ድንቅቱ ጃንጥላ እና ቀላሉ ላፕቶፕ

ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ሰንዳፋ ቢዞሩ፣ ዋጋ የሚያስቀንስ አንድ ሰው የሌለው ቤተሰብ አይገኝም። አንዳንዱ ቤት አጎት ነው፣ አንዳንዱ ቤት ታላቅ እህት ናት፤ ብቻ አንድ ሰው አለ። ይህ ሰው በሌለበት የተገዛ ነገር ሁሉ፣ ካልሲም ቢሆን፣ በውድ እንደተገዛ ይቆጠራል። ገዢውም ካልሲው እስኪቀደድ ድረስ ይወቀስበታል።

በፌኔት ቤት ይህ ሥልጣን የአባቷ እህት የወይዘሮ ድንቅቱ ነው። ፌኔት በኦሮምኛ «አዳዳ» ትላቸዋለች፤ የአባት እህት ማለት ነው። ሱሉልታ ገበያ ውስጥ ግን ክብርት ወይዘሮ ድንቅቱ ናቸው፤ የቅቤ ነጋዴ፣ የዋጋ ጠላት። ታክሲ ውስጥ ይከራከራሉ። መድኃኒት ቤት ይከራከራሉ። አንድ ጊዜ ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደው «ሁለት ባስነቅልስ በስንት ታደርግልኛለህ?» ብለው ሐኪሙን ግራ አጋብተውታል። የታመመው አንድ ነበር።

«ሻጭ የሚነግርሽ ዋጋ የራሱን ምኞት ነው» ይላሉ ለፌኔት። «አንቺ ደግሞ የራስሽን ምኞት ንገሪው። ምኞት በነፃ ነው።»

ዋናው መሣሪያቸው ጃንጥላቸው ነው። ጥቁር ነው፤ እጀታው የእንጨት ሆኖ፣ አንደኛው ዘንጉ ተሰብሮ በቡናማ ክር ተጠምጥሟል። ሱቅ ሲገቡ ከሻጩ ጠረጴዛ ጥግ ያስደግፉታል። ዋጋው አልስማማ ሲላቸው «በል ደህና ዋል» ብለው ይወጣሉ፤ ጃንጥላው እዚያው ይቀራል። ሻጩ ከኋላ ከጠራቸው እሰየው። ካልጠራቸው ትንሽ ቆይተው «ውይ፣ ጃንጥላዬን ረስቼ!» እያሉ በሙሉ ክብር ይመለሳሉ። ሰው ጃንጥላውን ሊወስድ ቢመለስ ተሸነፈ አይባልም። ለዚህ ነው ወይዘሮ ድንቅቱ በጥር ፀሐይም ጃንጥላ ይዘው የሚሄዱት።

እንግዲህ ፌኔት ላፕቶፕ መግዛት ግድ ሆነባት። አዲስ አበባ አንድ የሕንፃ ፕላን የሚሠራ ቢሮ ለሙከራ ተቀጥራ ነበር። አለቃዋ አንድ ማክሰኞ ጠርቶ፣ «ከሰኞ ጀምሮ ጌላን የመጋዘን ሥራ አለን፤ ከዚያ ቀጥሎ ተጂ ከተማ። ፕላኑን ቦታው ላይ እየከፈተ የሚያስተካክል ሰው እፈልጋለሁ። የራስሽን ማሽን ይዘሽ ከመጣሽ ቋሚ ትሆኛለሽ፤ ካልሆነ ሌላ ሰው አለ» አላት። የነበራት ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ፣ ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው የሚጠፋ፣ ትልቅ ፕላን ሲከፈትበት ደግሞ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ነበር። እሱን ይዞ ጌላን ሜዳ ላይ መቆም አይታሰብም።

ፌኔት ስለ ላፕቶፕ ማንበብ ከጀመረች ሰነባብታለች። ያወቀችው ነገር ቢኖር፣ ጉልበት ያለው ይከብዳል፣ ቀላሉ ይደክማል፣ ጉልበትም ቅለትም ያለው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። እሷ ካጠራቀመችው ላይ አዳዳ አንዲት ጊደር ሸጠው ጨመሩላት። ጊደር የሸጠ ሰው ደግሞ ግዢው ላይ መገኘቱ አይቀርም።

«ቡራዩ ነው የምንሄደው» አሉ ቅዳሜ ጠዋት፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። «አዲስ አበባ ውስጥ የሱቁን መስታወት ጭምር ነው የሚያስከፍሉሽ።»

ታክሲ ውስጥ ትምህርት ተሰጠ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዕቃው ደስ ቢልሽም ደስ ያለሽ እንዳትመስይ። ፊትሽን አጥቁሪ።»

«እንዴት አድርጌ አዳዳ?»

«ለቅሶ ቤት የተቀመጥሽ ምሰይ።»

ሱቁ አዲስ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ማስታወቂያዎች ተለጥፈዋል።

«ያ ምንድን ነው የሚለው?» አሉ ወይዘሮ ድንቅቱ።

«ዋጋ አይቀነስም ይላል።»

«ያኛውስ?»

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

«እሱ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ነው» አሉና ጃንጥላቸውን ከጠረጴዛው ጥግ አስደገፉ።

ባለሱቁ የህያ የሚባል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ትሑት ወጣት ነው። ሦስት ላፕቶፖች ደረደረ። «ይሄ ትልቁ ጉልበተኛ ነው፤ የፈለግሽውን ፕላን ይከፍታል። ግን ከነቻርጀሩ ከሦስት ኪሎ ያልፋል። ይሄ መካከለኛው ቀላል ነው፤ ግን ለጽሑፍ ነው እንጂ ፕላን አይችልም። ይሄኛው ደግሞ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «ሁለቱንም ነው።»

ሦስተኛው ብርማ ሆኖ እንደ ደብተር የሳሳ ነበር። ፌኔት በአንድ እጇ አነሳችው። የጌላኑን መጋዘን ፕላን ከፍላሽ ብትከፍትበት፣ ጣቷን ሳታነሳ ምሰሶው፣ ጣሪያው፣ ብሎኑ ሳይቀር ወለል ብሎ ወጣ። ድምፅ የለ፣ ሙቀት የለ። ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠች ለመምሰል ብትሞክር ጉንጯ እምቢ አላት። አዳዳ በክርናቸው ጎሰም አደረጓት።

«ስንት ነው ይሄ?» አሉ ብርማውን እየመዘኑ። የህያ ነገራቸው። «ትልቁስ?» እሱንም ነገራቸው።

ወይዘሮ ድንቅቱ በግራ እጃቸው ትንሹን፣ በቀኛቸው ትልቁን ያዙና የህያን በርኅራኄ አዩት። «ልጄ፣ ገልብጠህ ነው የነገርከኝ።»

«አልገለበጥኩም እናቴ።»

«ቀላሉ ነው የሚወደደው?»

«አዎ እናቴ። ሥራው ማቅለሉ ላይ ነው።»

«እኔ ቅቤ ሻጭ ነኝ። ኪሎ ቀንሼ ዋጋ ብጨምር ገበያው እያሳደደ ሰንዳፋ ነው የሚያደርሰኝ! የከሳ በግ ጎትተህ አምጥተህ ከሙክቱ ይበልጣል ትለኛለህ?»

«አዳዳ፣ ይሄኛው እኮ ለመያዝ...» አለች ፌኔት።

«ዝም በይ አንቺ! ትልቁን ነው የምንወስደው። ቢያንስ ገንዘብሽን እጅሽ ላይ ታውቂዋለሽ።»

ክርክሩ ተጀመረ። የህያ ማስታወቂያውን አሳየ። ወይዘሮ ድንቅቱ ማስታወቂያውን ማን እንደጻፈው ጠየቁ። «እኔ ነኝ» ቢል፣ «ታዲያ አንተ ጽፈህ አንተ መሰረዝ ያቅትሃል?» አሉት። በመጨረሻ «ደህና ዋል» ብለው ወጡ።

ደረጃው ላይ ቆሙ። «ጠራን?»

«አልጠራንም።»

«ቀስ ብለሽ ውረጂ፤ ሊጠራን እያሰበ ይሆናል።» አንድ ፎቅ ወረዱ። የሚጣራ የለም። ጃንጥላው ተረስቶ ነበርና ተመለሱ። እንደገና ተከራክረው እንደገና ወጡ፤ ጃንጥላው እንደገና ተረሳ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ የህያ ጃንጥላውን በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ወይዘሮ ድንቅቱ አመስግነው ተቀበሉት፣ ገቡና መልሰው ከጠረጴዛው ጥግ አስደገፉት።

ያን ጊዜ የህያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የአንድ ሙክት ዋጋ ቀነሰ። ቦርሳ ጨመረ። ማውስ ጨመረ። መወልወያ ጨርቅ ጨመረ። የግድግዳ ካላንደርም ጨመረ፤ ግማሽ ዓመት ያለፈበት ቢሆንም ሥዕሉ ጥሩ ነው።

ወይዘሮ ድንቅቱ ደረጃውን ሲወርዱ ዘውድ የጫኑ ይመስሉ ነበር። ካላንደሩ እንደ በትረ መንግሥት እጃቸው ላይ ነው፤ ጃንጥላው ክንዳቸው ላይ። ቦርሳውን የያዘችው ፌኔት ናት። ደስታቸውን አየችና ስለ ክብደቱ አንድ ቃል ላትናገር ለራሷ ማለች። ሰኞ ጌላን፣ ከዚያ ተጂ፣ በየቀኑ አራት ታክሲ። ይቻላል፤ ሰው ይለምዳል።

ከቡራዩ ወደ አስኮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ቦርሳውን አየው። «እናት፣ ይሄ የዕቃ ሒሳብ አለው።»

«ዕቃ አይደለም፣ ላፕቶፕ ነው!»

«ላፕቶፕማ ጭን ላይ ይቀመጣል። ይሄ ሰው አስነስቶ ነው የተቀመጠው።»

ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ወይዘሮ ድንቅቱ ተከራክረው ሒሳቡን በግማሽ አስወረዱት፤ ግን እንደ ልማዳቸው ዘወር ብለው ተሳፋሪውን አላዩም። ፌኔትን ነበር የሚያዩት።

አስኮ ወርደው ወደ ቀጣዩ ታክሲ ሲሄዱ አዳዳ ወደ ኋላ ቀሩ። ፌኔት ቦርሳውን ከቀኝ ወደ ግራ ትከሻዋ አዛወረች፤ ጥቂት ሄዳ መለሰችው። አንገቷን አሸት አደረገች። ዘወር ብትል አዳዳ ቆመዋል።

«ከበደሽ?»

«ኧረ ምንም አይልም።» ሱቅ ውስጥ ማጥቆር ያቃታት ፊቷ አሁን መብራት አቃተው።

ወይዘሮ ድንቅቱ ካላንደሩን አዩ፣ ትከሻዋን አዩ። ከዚያ «ውይ!» አሉ፣ ግንባራቸውን መታ አድርገው። «ጃንጥላዬን ረስቼ! እንመለስ።»

ጃንጥላው ክንዳቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ፌኔት አየችው፤ የእንጨት እጀታውንም፣ ቡናማ ክሩንም። «አዎ፣ ረስተዋል» አለች።

የህያ ሲያያቸው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «እናቴ፣ አሁን ምንም አልቀረም! የጠረጴዛውን ሥር ሁሉ አይቻለሁ!»

«ይሄን ውሰድልኝና ከሲታውን ስጠኝ» አሉ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ።

የህያ ሁለተኛውን ማስታወቂያ አየ፣ ፌኔትን አየ፣ ገና ያልተነካውን ላፕቶፕ አየ። ብዙ አሰበ። «እሺ፣ እመልሳለሁ። በአንድ ነገር ነው። በዚህኛው ላይ አንዲት ቃል አይናገሩም። የተጻፈው ዋጋ የተጻፈው ነው። ከተናገሩ ይቀራል።»

እንዲህ ያለ ነገር ለወይዘሮ ድንቅቱ የቀረበላቸው በዕድሜያቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። የነጠላቸውን ጫፍ ስበው አፋቸውን ሸፈኑና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መቀነታቸውን ፈተው፣ ሁለተኛውን ቋጠሮ አወጡ። ፌኔት አወቀችው፤ የቤታቸውን ክዳን ለማስቀየር ያስቀመጡት ነው።

«አዳዳ! የቆርቆሮው እኮ ነው! ክረምቱስ?»

«ጃንጥላ አለኝ አይደል እንዴ» አሉ በነጠላው ውስጥ።

«ተናገሩ!» አለ የህያ።

«ለእሷ ነው የተናገርኩት!»

የህያ ገንዘቡን ሲቆጥር ግንባራቸው ላብ አወጣ። አንድ ጊዜ እጃቸው ተነሣ፤ ፌኔት ያዘችው። ቆጥሮ ሲጨርስ ዋጋው እንደተነገረው፣ ምንም ሳይጎድል ተከፈለ። የህያ ማንም ሳይጠይቀው ትንሽ ቦርሳና ማውስ አምጥቶ ከላፕቶፑ ጋር አስቀመጠ። ወይዘሮ ድንቅቱ ሳይጠየቅ ለተሰጠ ነገር ምን እንደሚባል ስለማያውቁ ነጠላቸውን ከአፋቸው አላነሱም።

ታክሲ ውስጥ ፌኔት ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አደረገችው። ረዳቱ አላየውም።

«ኢንተላ ኮ» አሉ አዳዳ፣ በመስኮት እያዩ።

«አቤት።»

«ሰው ሲጠይቅሽ...»

«አስቀነሱልኝ እላለሁ።»

«ስንት ትያለሽ?»

«የሙክት ዋጋ።»

አሰቡበት። «ሙክት ደህና ነው» አሉ።

ፌኔት ሰኞ ጌላን ሄደች። ፕላኑን በአንድ ክንዷ ይዛ፣ አሸዋ ላይ ቆማ ከፈተችው፤ በወሩ ቋሚ ሆነች። ቢሮ ውስጥ ዋጋውን ሲጠይቋት፣ «አክስቴ ናቸው ያስቀነሱልኝ፣ የሁለት ሙክት» አለች። ለሰበታ ዘመዶቿ ስትናገር ጊደር ደረሰ። ፌኔት ውሸት የምትችል ልጅ አልነበረችም፤ ግን ክረምት ገብቶ አዳዳ ከሚያፈሰው ክዳን ሥር ባልዲ ሲያዛውሩ ባየች ቁጥር ዋጋው በራሱ ጊዜ ይወርድ ነበር።

ሰሞኑን ጎረቤታቸው ውባንቺ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነውና ልታማክር መጣች። ወይዘሮ ድንቅቱ ደጃፉ ላይ ቅቤ በቅጠል እየጠቀለሉ ነው፤ ጃንጥላው ከበሩ ጥግ ተደግፏል።

«እኔ ምልሽ ፌኔት፣ ያን ላፕቶፕ ስንት አስቀነሱልሽ?»

«የበሬ ዋጋ።»

የአዳዳ እጅ ቅቤው ላይ ቆመ። ተነሡና ፌኔትን በክንዷ ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት። «በሬ በዛ» አሉ በሹክሹክታ። «ወደ ጊደር አውርጂው።»

«አላወርድም።»

«ወይፈን በይው፤ የመጨረሻዬ ነው።»

«አላወርድም አዳዳ።»

«እንግዲያው ደህና ዋይ» አሉና ወጥተው ሄዱ። እስከ አጥሩ ደረሱ። የሚጠራቸው የለም። ውባንቺ ግራ ገብቷት አንዴ አጥሩን፣ አንዴ በሩን ታያለች።

ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። «ጃንጥላዬን...»

ፌኔት ጃንጥላውን በሁለት እጇ ይዛ በር ላይ ትጠብቃቸው ነበር። አቀበለቻቸውና ጉንጫቸውን ሳመቻቸው።

«ዋጋ አይቀነስም» አለቻቸው።