«ብላሽ ነው» ያለኝ ባለሱቅ

የሕዝብ አዳራሽ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የሕዝቡን እግር የሚያስር ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ፣ ደክዋኔ አካባቢ አይቻለሁ።

የማዳሜን ልጅ በየእሁዱ በረዶ ላይ ወደሚንሸራተቱበት አዳራሽ እወስዳት ነበር። አዳራሹ የሕዝብ ነው ይባላል፤ ውስጡ ያለው ሱቅ ግን የአንድ ሰውዬ ነው። የመንሸራተቻ ጫማውን የሚያድለውም እሱ ነው። መጀመሪያ የሄድን ቀን ጫማውን አቀበለኝና «ብላሽ!» አለኝ። እኔ ምኑን አውቄ? በኛ አገር ብላሽ ማለት የማይረባ አይደል?

«ታዲያ ደህናውን ስጠኛ!» አልኩት።

ለካ በአረብኛ «በነፃ» ማለቱ ኖሯል። ጫማውን ሳገላብጠው ግን ማሰሪያ የለውም። ማሰሪያውማ እሱ ሱቅ ይሸጣል፤ ያውም በእሳት ዋጋ!

ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር የራሴን ጫማ ማሰሪያ ፈትቼ አሰርኩላት። ሰውዬው ከባንኮኒው ጀርባ ተስፈንጥሮ ወጣ።

«ማምኑዕ! ክልክል ነው! ያኒ፣ ማለቴ፣ የውጭ ማሰሪያ በረዶውን ይጎዳል!»

ኧረ በፈጠራችሁ! ቀኑን ሙሉ በጫማው ሥር ባለ ብረት የሚፋቅ በረዶ ክር ይጎዳዋል?

ደሜ ፈላ። አረብኛው ሁሉ ጠፋኝና ጣቴን ቀስሬ በአማርኛ ጮህኩበት፤ «ብላሽስ አንተ ነህ!»

ከንግግሬ የገባችው ያቺው አንዲት ቃል ናት፤ እሷንም በአረብኛው ሰማት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። የማትረባ ያለው ሰው መቼም ሞልቷል፤ «በነፃ» ተብሎ የተሰደበው ግን ያን ቀን ነው።