ሐጂ አህመዲን ለሆኪ ክለቡ ቀጠሮ ሰጡ

አበሻ ሦስት ሆኖ በተቀመጠበት ቦታ ሁሉ ከሦስቱ አንዱ ማንም ያልሾመው ሽማግሌ ነው። ጠብ ሲኖር ያስታርቃል፤ ጠብ ሲጠፋ ደግሞ "እንዲያው ቅር ያላችሁ ነገር የለም?" እያለ ይፈልጋል። ጠርታችሁት አይመጣም፤ ሰምቶ ነው የሚመጣው። ከማን እንደሚሰማ አላህ ይወቅ። ስልክ ቁጥሩን ያልያዘ ሰው እንኳ አንድ ቀን በሩን ሲከፍት ደጃፉ ላይ ቆሞ ያገኘውና "ለካ እኔም ችግር አለብኝ" ይላል።

የስቶክዌሉ ሽማግሌ ክቡር ሐጂ አህመዲን ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት በደቡብ ለንደን አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን የሚነዱት ሰፈሩን ነው። ከአገር የወጡት በደርግ ጊዜ ስለሆነ ካውንስሉን እስከ ዛሬ ቀበሌ ይሉታል። ቤቱ የሻገተበትን ሰው "ቀበሌ ሄደህ ኮምፕሌን አድርግ" ይሉታል፤ ሰዉም ገብቶት ይሄዳል። አንድ ጊዜ ሃርልስደን ድረስ ሄደው ሊፋቱ የደረሱ ባልና ሚስት አስታረቁ። ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ የማያውቋቸው እንግሊዛዊ ጥንዶች ሲጨቃጨቁ አገኙና እነሱንም አስታረቁ። "ባተርሲ ሲወርዱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር" ይላሉ። ለዚህ እንኳ ምስክር የለም።

ጁነይድ እኚህን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሸሻቸው ነው ያደገው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። እናቱ መይሙና በሆስፒታል ጽዳት እየሠራች እሱንና እህቱን ራንያን ብቻዋን አሳደገች። ልጁ ስትሬተም ያለው የበረዶ ሜዳ ላይ በስኬቲንግ ጫማ መንሸራተት ለመደ፣ ሆኪ ጀመረ፣ በሆኪው ምክንያት አሜሪካ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነፃ ትምህርት ሰጠው። መይሙና ስለ ጨዋታው የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ ብርድ ላይ በዱላ ይራኮታል።

ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ አንድ ትልቅ ክለብ ድራፍት አደረገው፤ ወደ ፊት የእኔ ነው ብሎ መረጠው ማለት ነው። ይህን ለዘመድ ማስረዳት አበሳ ነው። "ገባህ?" ሲሉት "አልገባሁም" ይላል። "ታዲያ አልፈለጉህም?" ሲሉት "ፈልገውኛል" ይላል። "እና ምን ሆነህ ነው የማትገባው?" ይሉታል። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሶ ለእረፍት በመጣ በማግስቱ ሐጂ አህመዲን ደጃፉ ላይ ቆመው አገኛቸው።

"አሰላሙ ዐለይኩም። የሰማሁት ነገር አለ። አስረዳኝ" አሉና ሶፋው ላይ ተመቻቹ።

"ሐጂ፣ አይ ሚን፣ ነገሩ ውስብስብ ነው። ክለቡ መብቴን ይዞታል። ሌላ ክለብ ሊወስደኝ አይችልም። ግን ገና አልፈረምኩም።"

"እስከ መቼ ነው የያዙህ?"

"ዩኒቨርሲቲ እስክጨርስ። ከዚያ ካልፈረምኩ ነፃ ነኝ፣ ከፈለገኝ ጋር እሄዳለሁ።"

"እነሱ አሁኑኑ ይፈርም አሉ፤ አይደል?"

ጁነይድ ደነገጠ። "እንዴት አወቁ?"

"ገባኝ" አሉ ሐጂ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። "አጭተውሃል፤ ኒካሁ አልታሰረም። አንድ ዓመት ከቆየህ ደግሞ እጮኛይቱ ታመልጣለች ብለው ፈርተዋል።"

"ሐጂ፣ ፕሊዝ፣ እኔ ሙሽራ አይደለሁም።"

"ለጊዜው ነህ።"

ይናደድ እንጂ ልጁ በልቡ ተገርሟል። የክለቡ ጠበቆች በአርባ ገጽ የጻፉትን፣ የራሱ የልጁ አማካሪ በሦስት ስብሰባ ያላስረዳውን ነገር፣ እኚህ ሰው በሁለት ጥያቄ ልቡ ላይ ደረሱበት። ሊቀ ሊቃውንት ማለት እንዲህ ነው። ከዚያማ ማን ያቁማቸው! "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉ፤ "እኔ እያለሁ ማንም አይሮጥብህም" አሉ፤ የክለቡ ሰው ቅዳሜ ለንደን እንደሚመጣ ሲሰሙ ደግሞ ለሰርግ የሚለብሱትን ኮት ላውንደሪ ሰጡ።

እንግዲህ ልጁ ለማንም ያልተናገረው አንድ ነገር ነበረው። ባለፈው ክረምት አንድ ተጫዋች ከሜዳው አጥር ጋር አላትሞት ትከሻው ወልቋል። ትከሻው ዳነ፤ ልቡ ግን አልዳነም። ከዚያ ወዲህ ወደ አጥሩ ሲቃረብ ሰውነቱ ሳያዘው ይሸሻል። የክለቡን ተጫዋቾች በልምምድ አይቷቸዋል፤ ጢማቸውን ያንዠረገጉ፣ ልጅ ያደረሱ፣ እንደ ግንብ የቆሙ ሰዎች ናቸው። አሁን ቢፈርም እዚያ መሀል ገብቶ ይረገጣል፤ ወደ አነስተኛ ቡድን ይወረውሩታል፣ እዚያው ይረሳል። "አልደረስኩም" ቢል ደግሞ መዝገቡ ላይ ፈሪ ብለው ይጽፉበታል። አማካሪው ፈርም፣ ጓደኞቹ ፈርም ይላሉ። እናቱ "አላህ ያለው ይሁን" ትላለች፤ እንዲህ ስትል ግን ዓይኗ የምርቃት ፎቶ ልትሰቅልበት ባዶ ወደተወችው ግድግዳ ይሄዳል። አንተስ ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

ቅዳሜ ሐጂ አህመዲን ከእንግዳው አንድ ሰዓት ቀድመው ደረሱ። ወንበር አዟዟሩ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፉ፣ የመይሙናን ሳምቡሳ ቀምሰው "ጨው ቼክ አድርጌያለሁ፣ ደህና ነው" አሉ። ከዚያ አዋጅ አወጁ። ሽምግልና በእንግሊዝኛ አይሆንም፤ ራንያ ታስተርጉም። ራንያ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ "ሲሪየስሊ?" አለች እንጂ ሌላ ይግባኝ አልነበራትም።

ሚስተር ኮሊን ይባላል የክለቡ ሰው። ረጅም፣ ትሑት፣ በወጣትነቱ ሆኪ የተጫወተ። መይሙና "ሲት፣ ሲት" ስትለው አመስግኖ ቆመ። ከበረራ በኋላ ጉልበቱን ማጠፍ ያመዋል፤ ይህን ለጁነይድ በጆሮው ነግሮታል። ሐጂ ግን ፊታቸው በራ።

"አየሽ መይሙና! ወግ ያውቃል! ጉዳዩ ሳይፈጸም አልቀመጥም አለ። የአገራችን ልጆች እንኳ የረሱትን!"

"ሐጂ፣ ጉልበቱን አሞት ነው..."

"ዝም በል፤ ሙሽራ በዚህ አይገባም።"

ሚስተር ኮሊን አሥር ደቂቃ ሙሉ ቆሞ ተናገረ። ራንያ ቀና ብላ "አሁን ይፈርም እያለ ነው" አለች።

"አሥር ደቂቃ የተናገረው ይህን ብቻ ነው?"

"ሌላው ስለ ጁነይድ ጥሩ ጥሩ ነገር ነው።"

"እሱን እናውቃለን" አሉ ሐጂ። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ ድምፃቸውንም አወፈሩ። "ልጃችንን አክብራችሁ ስለ መጣችሁ እናመሰግናለን። ነገሩን ሰምተናል። ዘመድ እናማክር። ለማክሰኞ ይመለሱ።"

ራንያ ይህን ስትተረጉም ሰውየው ጁነይድን አየው፤ ጁነይድ ምንጣፉን አየ። ማክሰኞ ጠዋት በረራ እንዳለው በትሕትና ተናገረ። ሐጂ ትንሽ አሰቡና፣ ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው፣ "እንግዲያስ ሰኞ ይሁንላችሁ" አሉ። ሰውየው የተጠቀለለ ሳምቡሳ በእጁ ይዞ፣ ግራ ገብቶት ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ጁነይድ ፈነዳ። "ሐጂ፣ አበላሹብኝ እኮ! የማንን ዘመድ ነው የምናማክረው? ቀልደኛ ነው የሚሉኝ!"

"በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ ልጁን የጠላ ነው" አሉ ሐጂ ተረጋግተው። "ና፣ ጫማህን አድርግ። ባተርሲ ደርሰን እንመለስ።"

አውቶቡስ ውስጥ የሐጂ ቦታ ከሾፌሩ ጀርባ ነው፤ እዚያ ተቀምጠው ፍሬን አያያዙን ያርማሉ። የዚያን ቀን ግን ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ። ጥቂት ፌርማታ ካለፈ በኋላ ወደ ልጁ ዞሩ።

"ሠላሳ አንድ ኒካህ ላይ ሽማግሌ ሆኛለሁ" አሉ። "ቀጠሮ የምሰጠው ለምን ይመስልሃል? ለዘመድ? ዘመድማ የሚለው ይታወቃል። የልጅቷን ቃል ከራሷ አፍ ለመስማት ጊዜ ስለምፈልግ ነው። ሰው ተሰብስቦ ስትጠየቅ ታፍራለች፣ የተባለችውን ትላለች። ስለዚህ ብቻዋን አገኛታለሁ። ከራሷ ሳልሰማ እሺ ብዬ አላውቅም። አሁን እኔና አንተ ብቻ ነን። ወደሃል ወይ?"

ጁነይድ በእንግሊዝኛ ሊቀልድ ጀመረና ተወው። "እፈልጋለሁ ሐጂ። ከልቤ እፈልጋለሁ። ግን አልደረስኩም። ትከሻዬ ከወለቀ ወዲህ እፈራለሁ። አንድ ዓመት ያስፈልገኛል፤ ይህን ብነግራቸው ደግሞ ይተዉኛል።"

ለሁሉ ነገር ተረት የማያጡት ሰው ተረት አጡ። እጃቸውን የልጁ ጉልበት ላይ አድርገው አራት ፌርማታ ዝም ብለው ሄዱ። ሐጂ አህመዲን አራት ፌርማታ ዝም ያሉበት ቀን ከዚያ በፊት አይታወቅም።

ሰኞ ሚስተር ኮሊን መጣ፣ ቆመ። ሐጂም ቆሙ።

"ዘመድ መክሯል" አሉ። "ልጁ እናንተን ይወዳል። እኔ ነኝ ያልፈቀድኩ። ትምህርቱን ሳይጨርስ አልሰጥም። ግትር ሽማግሌ ገጠመን በሉ፣ በእኔ ላይ ይሁን።"

ራንያ ተረጎመች። ሰውየው ፊቱ ከበደው። እንደሚያከብራቸው ተናገረ፤ ግን መናገር ያለበትም ነገር እንዳለ ጨመረ። "ባለፈው ክረምት ተጎድቷል። በሚመጣውም ዓመት ቢጎዳ ያን ጊዜ ክለቡ ምንም ቃል ሊገባለት አይችልም። ይህን ታውቃላችሁ?" ራንያ ይህንንም ተረጎመች፣ ቀስ ብላ።

"ንገሪው" አሉ ሐጂ። "ቃል ግቡልን አላልንም። እናንተ ብትተዉት እኛ አንተወውም። ስለሚጫወት አይደለም ልጃችን የሆነው። ተሰብሮ ቢመጣም ይህ በር የእሱ ነው።"

ራንያ ልትተረጉም አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። መይሙና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። "ምን አሉ?" አለ ሚስተር ኮሊን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እያየ።

ጁነይድ ከተቀመጠበት ተነሣ። እንባው አፋፍ ላይ ነው፤ ግን ከክረምት ጀምሮ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር የለም። ሊተረጉም ነበር አነሣሡ፤ የወጣው ግን የራሱ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ፣ ሰውየውን ፊት ለፊት እያየ፣ ሁሉንም ነገረው። ገና እንዳልደረሰ፣ አጥሩን እንደሚፈራ፣ አንድ ዓመት እንደሚፈልግ፣ የሐጂ ግትርነት ሳይሆን የራሱ ፈቃድ እንደሆነ። "ብትተዉኝም ይገባኛል" አለ በመጨረሻ።

ሰውየው እጁን ዘረጋለትና ጨበጠው። "ፍርሃትህን ጠርጥረን ነበር፣ ካንተ መስማታችን ግን ሌላ ነው" አለው። ለትከሻው የሚሆን አሠልጣኝ እንደሚልክለት፣ ስለ ፊርማው ደግሞ ሲመረቅ እንደሚነጋገሩ ነገረው። ቃል አልገባም። ግን ደግሞ አልተወውም።

በሳምንቱ ጁነይድ ስጋ ሊገዛ ባለ ስጋ ቤቱ አኑዋር ዘንድ ገባ። አኑዋር ቢላውን እየሳለ ራሱን ነቀነቀ። "አይ ያንተ ነገር! ያ ግትር ሽማግሌ እንጀራህን ዘጋብህ አሉ። አንተ ልፈርም እያልክ፣ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው አላስፈርምም አሉ አሉ። ምን ቁርጥ አድርጓቸው ነው የሰው ልጅ ዕድል ውስጥ የሚገቡት?"

"ማን ነገረህ?"

"ማን ይንገረኝ! ራሳቸው ናቸዋ። ትናንት እዚሁ ቆመው ለሰው ሁሉ ሲያወሩ ዋሉ።"

ጁነይድ አሁን ገባው። እንግሊዝኛ የሚያውቁት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ለንደን ውስጥ የሠሩት ሐጂ፣ ጁነይድ ለሚስተር ኮሊን ያለውን እያንዳንዷን ቃል ሰምተዋል። ሰምተው ወጡና ማንም ልጁን ፈሪ እንዳይል ሰፈሩን ሁሉ እየዞሩ ስማቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። እኚህን ሰው ነው ዕድሜ ልኩን ሲሸሽ የኖረው። ወደዳቸው፤ በዚያች ቅጽበት ከማንም በላይ ወደዳቸው።

"ውሸታቸውን ነው" አለ ጮክ ብሎ፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እስኪሰማ። "እኔ ነኝ አልደረስኩም ያልኩት። ፈርቼ ነው። እሳቸው የሉበትም።"

ወሬው ሐጂ ዘንድ ለመድረስ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። በጣም ተቆጡ ይባላል። "ልጁ ጨዋ ስለሆነ ነው እንጂ እኔ ነኝ የከለከልኩት!" እያሉ ከመስጊድ እስከ ፀጉር ቤት ያስተባብላሉ። ልጁ ደግሞ በሄደበት "አይመኑዋቸው" ይላል። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው የቀዘቀዘ ነው፤ አንዱም ለሌላው አልለቅም ብሏል። የሚያስታርቃቸው ሽማግሌ ያስፈልጋል። ስቶክዌል ውስጥ ደግሞ ያለው ሽማግሌ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አላህ ያቆይልን።