ሁለቱ ሸማሎች

የሚቆጥርን ሰው አያናግሩትም። የተቋረጠ ቆጠራ ከአንድ ይጀመራላ። ካርቱም የመጣሁት ጡብ ተሸካሚ ሆኜ ነው፤ ያኔ የተሸከመውን የማይቆጥር የሌላውንም ይሸከም ነበር። ልማዱ አብሮኝ አረጀ። ዛሬ ቡሪ ሰፈር ካለው ቤቴ እስከ ጎሚስታ ሱቄ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። በክረምት፣ ኩሬ እየዞርኩ ስሄድ፣ ሠላሳ ይጨምራል። ባትቆጥሩትም የእናንተም መንገድ የራሱ ቁጥር አለው።

ስለዚህ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን አንድ አርብ ጠዋት ሪያድ ሰፈር ውስጥ የካርታና የኮምፓስ ውድድር ሲያዘጋጅ ለእኔ የተፈጠረ ጨዋታ መሰለኝ። ወላጅና ልጅ ተጣምረው፣ በየመንገዱ የታሰሩ ስድስት ቀይ ጨርቆችን አግኝተው በአንድ ሰዓት ውስጥ መመለስ ነው። በየጨርቁ ሥር ወደሚቀጥለው የሚመራ ወረቀት አለ፤ ልጆቹ እንዲያነቡት በአረብኛ የተጻፈ።

ካርቱም ተወልዳ ያደገችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ሕይወት ግን ለጨዋታው አልመጣችም።

«በሰዓቱ ከገባን የአርብ አማርኛ ትምህርት ይቀርልኛል። ካልገባን ሳላጉረመርም እማራለሁ። ኻላስ?»

ኻላስ አልኳት፤ አለቀ እንደማለት ነው። «ሳላጉረመርም» የምትለው ቃል አማለለችኝ።

ሥራ ተከፋፈልን። ኮምፓሱና ወረቀቱ የእሷ፣ እርምጃው የእኔ። ለእኔ መቶ ሜትር ማለት መቶ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ከሮጥኩ ግን ይዛባል። ወጣቶቹ አቧራ እያስነሱ ሲያልፉን አልተከተልኳቸውም። ጨርቁን ስተው ሲመለሱ አገኘናቸው። አንድ ሕግ ብቻ አወጣሁ፤ እየቆጠርኩ ማንም አያናግረኝ። ደንበኛዬ የሆነ፣ እዚህ ራክሻ የሚሉት ባጃጅ ሾፌር የቤተሰቤን ጤና ሊጠይቅ ሲቆም እንኳ እጄን አንሥቼ አለፍኩት። ካርቱም ውስጥ ይህ ቀላል በደል አይደለም።

ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ሕይወት ሁለት ጊዜ «ሸማል» አለች። ሁለቴም ወደ ግራ ታጠፍኩ፤ ሁለቴም ጨርቁ እዚያው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ለራክሻ ሾፌር «የሚን፣ ሽማል»፣ ቀኝና ግራ ማለት ነው፣ እያልኩ የኖርኩ ሰው ግራዬን አላጣም።

አምስተኛውን ስናገኝ ፊታችን ወደ ምዕራብ ዞሯል። ሰዓት ተርፎናል። «የመጨረሻው ሁለት መቶ ሜትር ነው፣ ሸማል» አለች። ወደ ግራ ታጥፌ መቁጠር ጀመርኩ።

«አባዬ!»

እጄን አነሣሁ።

«ያ አባዬ፣ ሸማል!»

ሸማል አይደል የምሄደው? እጄን ሳላወርድ ቀጠልኩ። ልክ ሁለት መቶ ስድሳ ላይ፣ አንዲት ሳላዛንፍ፣ አንድ ቪላ በር ላይ ቆምኩ። አንዲት የወሎ ልጅ በሩን ትጠርጋለች።

«ቀይ ጨርቅ አላየሽም?»

«ልብስ ካጠብኩ ሦስት ቀኔ ነው፣ አባባ።»

ሕይወት እያለከለከች ደረሰችና ኮምፓሱን ፊቴ ላይ ደቀነችው። «ሸማል መርፌው የሚያሳየው ነው። አንተ የሄድከው ሽማል ነው።» ሰሜን ልትለኝ ነበር፤ ቃሉን አታውቀውም። ለእኔ ጆሮ ደግሞ ሁለቱ አንድ ናቸው። ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ ሰው ሰሜን በግራው ነው፤ ሲመለስ ግን ወደ ቀኙ ይዞራል። ቆጠራዬ ይህን አያውቅም።

ዘጠኝ ደቂቃ አሳልፈን ገባን።

«አውቀህ ነው» አለችኝ፤ «ትምህርቱ እንዳይቀርልኝ።»

እስቲ አስቡት። አውቄ ነው ብል አታላይ አባት ልሆን ነው፤ አላወቅኩም ብል የካርቱም ሃያ ስድስት ዓመቴ ገደል ሊገባ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አታላይነቱ ይሻለኝ ነበር። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

«አላወቅኩም። ሰሜን በአረብኛ ምን እንደሚባል ገና ዛሬ መስማቴ ነው።»

አተኩራ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች።

ቃሏን አላጠፈችም፤ ሳታጉረመርም ትማራለች። ከክፍል ስትመለስ ግን ተማሪው እኔ ነኝ።

«ሰሜን?»

«ሸማል።»

«ግራ?»

«ሸማል።»

«ላ፣ አባዬ። እንደገና።»

እስካሁን አርባ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። የምትቆጥረው እሷ ናት፤ ስትቆጥር ደግሞ አያናግሯትም።