ክቡርነታቸው ኮራል ላይ የቆሙ ዕለት

የጽሕፈት ቤታችንን ኃላፊ የክቡር ዊቱንን ያህል ባሕርን ያገለገለ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ስለ ባሕር ያወጧቸው መመሪያዎች በውኃው ላይ ቢነጠፉ ሰው ከወደባችን እስከ ደሴቶቹ በደረቅ እግሩ ይሻገር ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ይህን ታላቅ ሥራ የሠሩት አንድም ቀን ባሕር ውስጥ ሳይገቡ መሆኑ ነው። የቢሮአቸው መስኮት ወደ ባሕሩ ቢያይም መጋረጃውን አይገልጡትም። "ብዙ ውኃ ሲታይ ሐሳብ ይበታተናል" ይላሉ።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ የላቀው የኮራል መመሪያቸው ነው። ኮራል በደሴቶቻችን ዙሪያ ከውኃው በታች እንደ አትክልት የሚያድግ፣ ዓሦች የሚኖሩበት፣ ቱሪስቶችም መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ይዘው ሊያዩት ከዓለም ዳር የሚመጡለት ሕያው ድንጋይ ነው። መመሪያው እንዲህ ይላል፦ "ማንም ሰው እግሩን ኮራል ላይ አያሳርፍም። ማንኛውም ጀልባ ኮራሉን የከበቡትን ቀያይ ተንሳፋፊ ኳሶች አያልፍም። ይህም ያለ ምንም ልዩነት በሁሉም ላይ ይጸናል።" "ያለ ምንም ልዩነት" የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። የክቡርነታቸው የመመሪያና የንግግር ጸሐፊ ነኝ፤ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻው ላይ ባዶ ባዶ ብሎኝ ነው።

አንድ ቀን ከበላይ አካል ትእዛዝ መጣ። ኃላፊዎች ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ታች ይውረዱና ሥራውን በዓይናቸው ይዩ የሚል ነው። ክቡርነታቸው ወዲያው ሰበሰቡን።

"ወደ ታች ማለት ወዴት ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

ሁላችንም ወለሉን አየን። ምክትላቸው ወይዘሮ ሶፒት ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ዝም ብለው አያውቁም።

"ክቡርነትዎ፣ ቢሮአችን ምድር ቤት ነው። ከእኛ በታች ያለው ባሕሩ ብቻ ነው።"

"እኔም ይህንኑ ልል ነበር" አሉ ክቡርነታቸው፣ ፊታቸው ትንሽ እየገረጣ።

በዚህ መልክ "ከባሕር ወለል በታች ያለውን ነባራዊ ሁኔታ በግንባር ተገኝቶ የመገምገም የመስክ ጉብኝት" ተወለደ። ሌላው ሰው ይህንኑ ነገር ቁምጣ ለብሶ ያደርገውና ዋና ይለዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ወደብ ተገናኘን። ባለ ሦስት ሞተሯ ፈጣን ጀልባ አፍንጫዋ ላይ የአበባ ጉንጉንና ባለቀለም ጨርቅ ታስሮላት ትወዛወዛለች። ካፒቴኑ ባንግ ሄም ነው፤ ባንግ ማለት በእኛ ዳርቻ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። ክቡርነታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ካኪ የደንብ ልብሳቸውን ከነሜዳሊያቸው ለብሰው፣ በላዩ ላይ ብርቱካናማ የነፍስ አድን ጃኬት ደርበው መጡ። ባንግ ሄም ከእግር እስከ ራስ አያቸውና ተሳፋሪ ሁሉ ጫማውን አውልቆ የሚጥልበትን ቅርጫት አቀረበላቸው።

"ክቡርነትዎ፣ ልብሱ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል።"

"ማዕረግ ምንጊዜም ከባድ ነው" አሉ ክቡርነታቸው።

ይህን ንግግር እኔ አልጻፍኩትም፤ የራሳቸው ነው። ሁላችንም አጨበጨብን።

ባነራችንን ዘርግተን ፎቶ ከተነሣን በኋላ ጀልባዋ ተፈተለከች። ክቡርነታቸው የመክፈቻ ንግግር ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን ጀልባዋ ከማዕበል ማዕበል በዘለለች ቁጥር ቃሉ ግማሹ አፋቸው ውስጥ እየቀረ "የተከበራችሁ ባለድር... ባለድር..." እንዳሉ ደሴቶቹ ደረስን። የሒሳብ ክፍሉ በሙሉ በጀልባዋ ጠርዝ ተደርድሮ ቁርሱን ለባሕሩ አስረክቧል። የመዝገብ ቤቷ ካንዳ ብቻ ከት ከት ብላ ትስቃለች። ደሴት ላይ ያደገች ልጅ ናት፤ ማዕበል እሽሩሩ ይመስላታል።

ባንግ ሄም ከቀዩ ኳስ ወዲህ ሞተሩን አጠፋ። ውኃው እንደ መስታወት ጠርቶ ከሥራችን ሐምራዊና ቢጫ ኮራል ይታያል፤ በላዩም ዓሦች ውር ውር ይላሉ። ክቡርነታቸው መነጽሩን አጠለቁ፣ ቱቦውን ነከሱ፣ የዳክዬ እግር የመሰለውን የዋና ጫማ ለብሰው እንደ ሙሽራ በቀስታ በመሰላሉ ወረዱ። እኛም ተከተልን፤ ጃኬቶቻችን እያንሳፈፉን፣ ውኃው ቀስ አድርጎ እየገፋ ወደ ኮራሉ ወሰደን።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የበታች ራስ ከበላዩ ራስ ከፍ ብሎ መታየቱ ነውር ነው፤ አለቃው በተቀመጠበት የሚያልፍ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። የታላቅን ራስ መንካትማ አይነሣ። ክቡርነታቸው ግንባራቸውን ውኃ ውስጥ ሲነክሩ ታዲያ ወይዘሮ ሶፒት ዙሪያቸውን አይተው ደነገጡ።

"ዝቅ በሉ!" ብለው ጮኹ። "ራሳችሁ ከክቡርነታቸው ራስ በላይ ነው! ታች! ታች!"

"ወይዘሮ ሶፒት፣ ጃኬቱ አያሰምጠንም!" አልኩ።

"እንግዲህ ሞክር! ከልብ ካልሞከርክ በምን ታድጋለህ?"

ሞከርን። ራሳችንን ወደ ታች ስንገፋ ጃኬቱ ወገባችንን ወደ ላይ ይገፋዋል። በጥቂት ጊዜ ውስጥ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ መቀመጫችንን ወደ ሰማይ ሰቅለን በአለቃችን ዙሪያ ክብ ሠራን። ከሌላ ጀልባ የመጡ ቱሪስቶች ዓሦቹን ትተው እኛን ማየት ጀመሩ። ካንዳ በቱቦዋ ውስጥ ስትስቅ ባሕሩ ራሱ የሚስቅ ይመስል ነበር።

በዚህ መካከል አንዲት ባለ መስመር ዓሣ ወደ ክቡርነታቸው መነጽር ተጠግታ አተኩራ አየቻቸው። ክቡርነታቸው እንዲህ ያለ ቀጠሮ የሌለው ባለጉዳይ ገጥሟቸው አያውቅም። ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱ። ባሕር ገባበት። ተንፈራገጡ፣ ቱቦውን ተፉ፣ እጃቸውን አወራጩ፤ ከዚያ እግራቸው አንድ ጠንካራ ነገር አገኘ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ውኃው እስከ ደረታቸው ብቻ ነበር።

"መሬት!" አሉ፣ እያለከለኩ።

"ክቡርነትዎ፣ እሱ መሬት አይደለም!" አለች ካንዳ። "ኮራሉ ላይ ነው የቆሙት!"

"አልቆሙበትም" አሉ ወይዘሮ ሶፒት ፈጥነው። "ተመድበውበት ነው።"

ክቡርነታቸው ነፍሳቸው መለስ ስትል ክብራቸውም አብራ ተመለሰች። ቱሪስቶቹ ወደ እሳቸው እንደሚያዩ ተመለከቱ። ጃኬቱ ሜዳሊያውን ስለሸፈነባቸው አውልቀው ወዲያ አሉት፤ ማዕበሉም ተቀብሎት ሄደ። ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው እኔ የጻፍኩላቸውን ንግግር በቃላቸው አወረዱት።

"በእኛ የአመራር ዘመን አንድም እግር፣ ደግሜ እላለሁ፣ አንድም እግር ይህን የተፈጥሮ ስጦታ አይረግጥም!" እያሉ፣ ቃሉን ለማጥበቅ የቆሙበትን በእግራቸው ደበደቡ። ከሥራቸው ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

በዕድሜዬ ከጻፍኳቸው ንግግሮች እንደዚያ በጽኑ መሠረት ላይ ቆሞ የተነገረ የለም። የዋና ጫማችንን እያማታን አጨበጨብን።

ንግግሩ ግን ረጅም ነበር፤ ባሕሩ ደግሞ እንደየዕለቱ ልማዱ መሙላት ጀምሯል። ወደ መዝጊያው ሲደርሱ ውኃው የላይኛውን ሜዳሊያ አልፎ ነበር። ክቡርነታቸው ወደ ታች አይተው ድምፃቸው ቀጠነ።

"ባንግ ሄም! ጀልባዋን አምጣት!"

"አልችልም ክቡርነትዎ!" አለ ባንግ ሄም ከሩቅ። "ቀዩ ኳስ!"

"ኳሱን እለፈው እንጂ!"

"ባለፈው ወር የወንድሜ ልጅ አንድ ክንድ አለፈ ብላችሁ ፈቃዱን ቀማችሁት። 'ያለ ምንም ልዩነት' ይላል። እኔም ልጆች አሉኝ።"

ክቡርነታቸው ወደ እኔ ዞር ብለው ያዩኝ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም። እኔም ሁለተኛ ጊዜ ራሴን ውኃ ውስጥ ነከርኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ለአክብሮት አልነበረም።

"እኔ እየጎተትኩ ጀልባዋ ዘንድ ላድርስዎት" አለች ካንዳ። ሳቋ ጠፍቷል። "የኔን ጃኬት ይልበሱና በጀርባዎ ይተኙ፤ እኔ አገጭዎን ይዤ..."

"አገጭ የራስ አካል ነው" አሉ ወይዘሮ ሶፒት።

"እሺ፣ በአንገታቸው ሥር!"

"የአንገትና የራስ ወሰን የት ላይ ነው? ተጠንቷል?"

"ራሴን ማንም አይነካም!" አሉ ክቡርነታቸው። "እግሬንም ከዚህ አላነሣም! ያለኝ መሬት ይኸው ነው!"

ውኃው ትከሻቸው ላይ ደረሰ። ከቀልዱ ሁሉ በኋላ ሰውየው ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉት። "ክቡርነትዎ፣ መመሪያውን ያሻሽሉት" አልኩ።

"አዎ! ተሻሽሏል! ባንግ ሄም፣ ና!"

"በቃል አይሆንም" አሉ ወይዘሮ ሶፒት ረጋ ብለው። ክቡርነታቸው ባይኖሩ ወንበሩ የማን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸውም እንደምናውቅ ያውቃሉ። "መመሪያ የሚሻሻለው በጉባኤ ነው። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።"

"ጉባኤው ተከፍቷል!"

"አጀንዳው አስቀድሞ ለአባላት ደርሷል?"

"ሶፒት! ውኃው አንገቴ ላይ ነው!"

"እንግዲያው አስቸኳይ ጉባኤ ይባል" አሉ ወይዘሮ ሶፒት። "ግን ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ ሕግ አይወጣም። ለሁሉም የሚሆን ሐረግ ያስፈልጋል።"

እኔ እየተንሳፈፍኩ ሐረጉን አበጀሁ፦ "ማንኛውም የመንግሥት ኃላፊ ኮራል ላይ ቆሞ በሚገኝበት ጊዜ ሁሉ፣ ጀልባዎች ቀዩን ኳስ አልፈው እስከ ኃላፊው ድረስ መቅረብ ይችላሉ።"

"በጡረታ የተገለለም!" አሉ ክቡርነታቸው አገጫቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠው። "ጡረታ ስወጣ ልሰጥም ነው እንዴ?"

"በሥራ ላይ ያለም ሆነ በጡረታ የተገለለ" ብዬ ጨመርኩ።

ድምፅ ተሰጠ። የሒሳብ ክፍሉ ቱቦ እንደነከሰ "ኡም" አለ፤ ድጋፍ ተብሎ ተቆጠረ። እኔም እጄን አወጣሁ። ካንዳ የተሰባበረውን ሐምራዊ ኮራል ቁልቁል አየች፣ ክቡርነታቸውን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ እጇን አነሣች። ወይዘሮ ሶፒት ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ።

ባንግ ሄም ሦስቱን ሞተሮች አስነሥቶ መጣ። አመጣጡ ትእዛዝ እንደሚያከብር ዜጋ ነበር፤ ቀጥ ብሎ፣ በሙሉ ኃይሉ፣ መልሕቁንም ጥሎ። ከሥራችን የሚሰማው ድምፅ አንድ የሸክላ ሱቅ ሲፈርስ የሚሰማውን ይመስል ነበር። ዓሦቹ በአንድ ጊዜ ብትን አሉ። ክቡርነታቸው በብብታቸው ተጎትተው ጀልባዋ ላይ ወጡ፤ ፎጣ ተከናንበው፣ በእጃቸው የተሰጣቸውን የተጠበሰ ዶሮና ሩዝ እየበሉ ተመለሱ። ካንዳ ግን አልሳቀችም። ጉብኝቱ በስኬት ተጠናቀቀ።

የተሻሻለው መመሪያ ወደብ ላይ ተለጠፈ። በማግሥቱ የጀልባ ካፒቴኖች ከፊቱ ቆመው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ሦስተኛ ሲያነቡት አንዱ፣ "አጎቴ እኮ የመሬት አስተዳደር ኃላፊ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው" አለ።

ከዚያ በኋላ በከተማችን ሥራ የፈታ ጡረተኛ ኃላፊ የለም። በየማለዳው ከሴት ልጆቻቸው ቤት፣ ከቼዝ ጨዋታቸው፣ ከዶሮአቸው ጎጆ እየተለመኑ ይመጣሉ። ጀልባዎቹ በየኮራሉ ላይ ያቆሟቸዋል፤ የቀድሞው የትምህርት ተቆጣጣሪ እዚህ፣ የቀድሞው የእንስሳት ሕክምና ኃላፊ እዚያ፣ ጃንጥላ ይዘው፣ ውኃ ውስጥ እስከ ደረታቸው። ኃላፊ የቆመበት ሁሉ ጀልባ ይገባል። ቱሪስቱ ከመሰላሉ ሳይወርድ ባሕሩን ያያል። የአገልግሎት አሰጣጣችን ከዚህ በላይ ተቀላጥፎ አያውቅም።

ወይዘሮ ሶፒት አሁን ኃላፊ ናቸው፤ የመስክ ጉብኝት የሚባል ነገር አግደዋል። ክቡር ዊቱን ደግሞ ጡረታ ወጥተው ከሁሉ ይበልጥ የሚፈለጉ ቋሚ ሆነዋል። ክብደታቸው ማዕበል አይገፋውም፤ ሜዳሊያቸውም ከሩቅ ያበራል።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ከነልጆቿ ስለመጣችብኝ ወደ ደሴቶቹ ይዣቸው ሄድኩ። ክቡርነታቸው በቦታቸው ነበሩ። መነጽሬን አጥልቄ ዋኝቼ ሄድኩና ሰላም አልኳቸው። ከታች ባየሁ ጊዜ አንድም ዓሣ የለም፤ ኮራሉም ተፈጭቶ አሸዋ ሆኗል። የሚያሠራቸው የጀልባ ድርጅት የሚቆሙበት ቢያጡ የሲሚንቶ ብሎኬት አስቀምጦላቸዋል፤ ቱሪስት እንዳይከፋውም ሐምራዊ ቀለም ቀብቶታል።

"ሥራ እንዴት ነው ክቡርነትዎ?" አልኩ።

"ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ባሕርን ያገለገልኩ መስሎኝ ነበር" አሉ ውኃውን በስስት እያዩ። "ባሕር ማለት ለካ ይህ ኖሯል። ከሥሩ ሳትወርድ አታውቀውም።"

ደክሞኝ ነበርና አንድ እግሬን ከብሎኬቱ ጫፍ ላይ አሳረፍኩ። ክቡርነታቸው ጃንጥላቸውን እንደ በትር ወደሩብኝ።

"እግርህን አንሣ!" ብለው ጮኹ። "ኮራል ነው እኮ!"