ጎርፍ ከታች፣ ጣሪያ ከላይ

በመጀመሪያ ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ አድርጉልኝ። «ዶሮ የጫረው ይመስላል» ይሉኝ ነበር የኔታ። እሳቱን ሰ እና ንጉሡን ሠ እስከ ዛሬ በደንብ አልለይም፤ አንዱን በአንዱ ቦታ ተቀምጦ ካገኛችሁት ወደ ቦታው መልሱልኝ። ትምህርቴም አንደኛ ደረጃን ጨረሰ ከሚባል ጫፉን ነካ ቢባል ይሻላል። ሰው ፊት መናገር ደግሞ አይሆንልኝም፤ እንግዳ ሲመጣ ከበር ኋላ ነው የምቆመው። ከበር ኋላ የሚቆም ሰው ግን ብዙ ይሰማል። እኔም የሰማሁት ስላናደደኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ችግረኛ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ችግረኛ መምሰል ያስፈልጋል። ቀሚሷን አጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ደጇን ጠርጋ «ተቸገርኩ» የምትል ሴት ማን ያምናታል? ጭቃ ላይ ተዘርግቶ የሚያቃስት ግን አፉን ሳይከፍት ይታመናል። እንግዲህ መከራ እንኳ ለሰነፍ እንጂ ለሠራተኛ አይመዘገብለትም ማለት ነው። እስቲ አሁን ይኼ ፍርድ ነው?

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ሊወጣ አንድ ክረምት ሲቀረው ነው። ቤታችን ኮልፌ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ነበር። ከፍ ብሎ የምለው ወንዙ በበጋ ያለበትን ቦታ አስቤ ነው፤ በነሐሴማ ወንዙ ራሱ ቦታውን አያውቅም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። እኛን ግን ፈገግ እንኳ ሳያሰኝ ነው የመጣብን። ከሰዓት በኋላ በጓሮ ገባና የኋላውን ግድግዳ ይዞ ሄደ፤ የጣሪያው ሳር ደግሞ ግማሹ ግድግዳውን ተከትሎ ወረደ። እናቴ ታናሽ እህቴን አስካለን አዝላ፣ እኔ የዱቄቱን ዕቃ ተሸክሜ ወጣን። አባቴ ጣሊያን የገባ ጊዜ ዘምቶ በዚያው ስለቀረ፣ ቤቱን የምንሸከመው እኛው ነን።

በማግስቱ ማለዳ አባባ ዘርጋ ሠፈሩን ደቦ ጠሩልን። አባባ ዘርጋ ከሶዶ የመጡ ጎረቤታችን ናቸው፤ በቤት ሥራ የሚስተካከላቸው የለም፣ አለመኖሩንም ራሳቸው ይናገራሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የኛ ሠፈር አንበሳ ባያስርም ግድግዳ አቆመ። ወንዶቹ ቋሚ ተከሉ፣ ማገር አሰሩ፤ ሴቶቹ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠን አቀበልን። ሲያልቅ አባባ ዘርጋ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «ይኼንን ዝሆን ቢደገፈው ዝሆኑ ይደክመዋል» አሉ።

ጣሪያው ግን ቀረ። ሳር የሚታጨደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ በነሐሴ ከየት ይምጣ? ሰሌንና ጅባ ደራርበን ብናለብሰውም ዝናቡ መንገዱን አልሳተም። አስካለን ሳል ያዛት። ሳሏ ከዝናቡ ጋር ይጀምራል፣ ከዝናቡ ጋር ያባራል። ዝናቡ ሳያባራ ሲውል ደግሞ የእናቴን ፊት ማየት ያስፈራ ነበር። ያኔ እናቴ ከሰማይም ከምድርም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ ሥሩ የምትደርቅበት ቆርቆሮ።

እንዲህ ሳለን፣ ጎርፍ ቤቱን ላፈረሰበት ሰው ጣሊያን ቆርቆሮ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ መጣ። አገር የወሰደ ሰው ቆርቆሮ ሲሰጥ ምን ይባላል? አመሰግናለሁ ይባላል ወይስ ቀሪውስ ይባላል? እናቴ ግን ብዙ አልተጨነቀችም። «ከሰጠኝ እቀበላለሁ። ቢሰጥም የወሰደው ይበልጣል» አለች።

ቤት የሚያየው ሹም መጣ። ስሙን አላውቅም፤ ሁላችንም ካፒታኖ ነበር የምንለው። ከፊት ከፊቱ አስተርጓሚው አቶ ደስታ ይራመዳሉ። አቶ ደስታ ድሮ እንጨት ፈልጠው የሚያድሩ የሠፈራችን ሰው ነበሩ፤ ያን የቡሽ ባርኔጣ ካጠለቁ ወዲህ ግን አንገታቸው ወደ ጎረቤት መዞር አቆመ። እናቴ ጎርፉን ከመነሻው እስከ መድረሻው ተናገረች። አቶ ደስታ በሁለት ቃል ተረጎሙት። የኛ መከራ በጣሊያንኛ እንዴት ሁለት ቃል እንደሚሆን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያ አቶ ደስታ ዞረው፣ «ጎርፍ ያፈረሰው የቱ ነው?» አሏት። እናቴ የኋላውን ግድግዳ አሳየቻቸው። «ይኼማ ቆሟል!» አሉ። «ያቆምነውማ እኛ ነን» አለች። «ታዲያ ማን አቁሙ አላችሁ?» አይሏትም! ቀዝቃዛው ነፋስ ነዋ ያለን! እናቴ ግን ጨዋ ናትና ወደ ጣሪያው ጠቆመች። አቶ ደስታ ከካፒታኖው ጋር ተነጋገሩና ፍርዱን አመጡ። «ጎርፍ የሚመጣው ከታች ነው፤ ጣሪያ ያለው ከላይ ነው። ጣሪያሽን የነካው ዝናብ ነው፤ እኛ ደግሞ የታዘዝነው ለጎርፍ ነው፣ ለዝናብ አልታዘዝንም» አሏት። እናንተ የተማራችሁ ሰዎች፣ እስቲ ፍረዱ፤ ጎርፍ የማን ልጅ ነው?

ቆርቆሮውስ ለማን ተፈቀደ? ለአቶ በዛብህ! አቶ በዛብህ የሚኖሩት ከኛ በላይ ዳገቱ አናት ላይ ነው። ማድ ቤታቸው ግን ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ወድቆ፣ «ዛሬ ነገ አነሳዋለሁ» እያሉት የኖረ ነው። ካፒታኖው ፍርስራሹን አይቶ ራሱን በኀዘን ነቀነቀ። ጎርፍ ዳገት ሲወጣ የታየው በአቶ በዛብህ ቤት ብቻ ነው።

ማታውን ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ መጥተው እናቴን መከሯት። «እቴ፣ ምን ቸገረሽ? ግፊው! ነገ ፈርሶ ያዩታል» አሏት። እናቴ እንደዚያ ቀን ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «የሰው ላብ እኮ ነው፣ በላይነሽ! ሰዉ ሥራውን ፈትቶ ያቆመልኝን በገዛ እጄ አፍርሼ፣ ነገ በየትኛው አፌ ደቦ እጠራለሁ?» አለቻቸው። እትዬ በላይነሽም፣ «እንግዲያስ ክብርሽን ልበሺውና ጣሪያ ይሁንሽ» ብለው ወጡ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ እኔን ያናደደኝም ይኼው ነው።

ከዚያ ወዲያ እናቴ አስካለን እያዘለች የካፒታኖውን ደጅ ትጠና ጀመር። «ዛሬ የለም» ይሏታል። «ነገ ነይ» ይሏታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ዝናቡ ግን አንድ ቀን እንኳ «የለሁም» ብሎ አያውቅም።

በመጨረሻ ካፒታኖው ቆርቆሮ ለማደል ወደ ሠፈራችን ተመለሰ። እናቴ መንገድ ላይ ቆማ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ እዩልኝ» ብላ ለመነች። አቶ ደስታ ተበሳጩ። ሁላችንንም አስከትለው በጓሮ ዞሩና ለካፒታኖው ሊያሳዩት ግድግዳውን በያዙት ዱላ መቱት። «ይኼ ተጎዳ ይባላል? ከእኔ ቤት አይሻልም?» እያሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ደገፍ አሉት።

ግድግዳው መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ አቃሰተ። ቀጥሎ ከነቋሚው፣ ከነማገሩ፣ ከነአቶ ደስታ ወደ ቤት ውስጥ ገባ። ባርኔጣቸው ተንከባሎ እናቴ እግር ሥር ቆመ። በእናቴ ጀርባ ላይ የነበረችው አስካለ ሳሏን ረስታ ተንከተከተች። ካፒታኖው እንባው እስኪወርድ ሳቀና ሁለት ቃል ተናገረ፤ አቶ ደስታም ከጭቃው ውስጥ ጋደም እንዳሉ፣ «ይሰጣት» ብለው ተረጎሙ።

ቆርቆሮው ተመታ፣ አስካለም ደረቀች፤ ሳሉም ተዋት። አባባ ዘርጋ ግን ግድግዳው የወደቀ ዕለት ታመሙ ማለት ይቻላል። ጭቃውን በጣታቸው እያሹ፣ «እኔ ዘርጋ ያቆምኩት ይወድቃል? ከእንግዲህ ቋሚ ብተክል እጄ ይድረቅ!» አሉ። ያን ጊዜ እናቴ፣ «ተዉ አባባ፣ ሰው አይደለም ያፈረሰው። ሚካኤል ነው። ስለት ተስዬ ነበር» አለቻቸው። ፊታቸው በአንድ ጊዜ በራ። «ለመላእክትማ ምን ይደረጋል!» አሉና ግድግዳውን ደግመው አቆሙልን። የእሳቸውን ሥራ ለመጣል የመላእክት አለቃ ከሰማይ መውረድ እንዳስፈለገው ያልነገሩት የገበያ ሰው የለም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ እናቴ ለኅዳር ሚካኤል ስለቷን፣ ዣንጥላ አስገባች። ሴቱ ሁሉ እልል ሲል እኔ ዝም ብዬ ቆምኩ። እናቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ «ምነው አንቺ ልጅ፣ እምነት የለሽም?» አለችኝ።

ለማንም ያልነገርኩት ይኼ ነው። እናቴ ደጅ ልትጠና በወጣች ቁጥር፣ ከወንዙ በእንስራ እየቀዳሁ በጓሮ በኩል ቋሚዎቹ ሥር አፈስስ ነበር፤ አፈሩ ሲላላ በእንጨት እቆፍረው ነበር፤ ማታ ማታ አስካለንም ከዚያ ግድግዳ አርቄ ነበር የማስተኛት። የሰውን ላብ በእጄ ገፍቼ አልጣልኩም። ጎርፉ የጀመረውን ሥራ እንዲጨርስ ውኃ አቀበልኩት እንጂ። እልል ያላልኩትም እምነት አጥቼ አይደለም፤ ለራሴ እልል ማለት አፍሬ ነው።